ከዶሮ ወጡ በኋላ ምን ይቅረብ?



በዓል ሲቃረብ በየቤታችን ስለ በጉ ዋጋ፣ ስለ ዶሮው ብዛት፣ ስለ ቅቤውና ስለ በርበሬው ብዙ ይመከራል። ከምግቡ በኋላ ስለሚቀርበው ጣፋጭ ግን የሚመክር የለም። ትዝ የሚለን በዋዜማው ማታ፣ ኬክ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ነው። የተገኘውን ቶርታ በካርቶን አሳስረን እንገባለን። በማግስቱ ከዶሮ ወጡ፣ ከክትፎውና ከጥብሱ በኋላ እየቆረስን እናድላለን። እንግዳው «በቃኝ» ይላል፤ እኛ «በሞቴ!» እንላለን፤ የክሬሙ ግማሽ ሳይነካ ሳህኑ ወደ ማድ ቤት ይመለሳል።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። የኢትዮጵያ ገና ከጥንት የወረሰው የዴዘርት ተራ የለውም። ማዕዳችን የሚዘጋው በቡና፣ በቆሎና በፈንዲሻ ነው። ቶርታው የመጣው በቅርብ ነው፤ ከከተማው ኬክ ቤት ጋር። እንግሊዛዊ ፑዲንጉን ቢተው ከአያቶቹ ልማድ ጋር ይጣላል። እኛ ግን ቶርታውን ብንተው የምንጣላው ከማንም ጋር አይደለም። በምግቡና በቡናው መካከል ያለው ቦታ እስካሁን ባለቤት ያልወጣለት ነው። ይህን ቦታ የሌላ አገር ብርድ በወለደው ከባድ ጣፋጭ ለመሙላት የሚያስገድደን የለም። ቀዝቀዝ፣ ኮምጠጥና ቀለል ያለ ነገር ልናስቀምጥበት እንችላለን። ለምን እንደሚሻል፣ እንዴትስ እንደሚሠራ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ለከባዱ ጣፋጭ ጥብቅና ልቁም፤ ያለ ምክንያት አልተፈጠረምና። የእንግሊዞችን የገና ፑዲንግ እንውሰድ። በውስጡ ዘቢብና ሌላ የደረቀ ፍሬ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ እንቁላል፣ ስኳር፣ ቅመምና ብራንዲ አለ። ከዚህ ሌላ በከብት ኩላሊት ዙሪያ የሚገኘው ጠጣር ስብ ይገባበታል። በልማዱ የሚዘጋጀው ገና ሊደርስ አንድ ወር ያህል ሲቀረው ነው። ለብዙ ሰዓታት በእንፋሎት ይበስላል፤ ተሸፍኖ ለሳምንታት ይቀመጣል። በገና ዕለት እንደገና ይሞቅና ብራንዲ ፈስሶበት እሳት ይለኮስበታል። ቻርልስ ዲክንስ በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገና ታሪኩ ውስጥ የአንድ ድኻ ቤተሰብ ማዕድ ዋና ክብር አድርጎ ስላቀረበው፣ እንግሊዝን ረግጠው የማያውቁ አንባቢዎች ሳይቀሩ ፑዲንጉን አወቁት።

እንግዲህ አስቡት። ታኅሣሥ ነው፤ ቀኑ አጭር ነው፤ ዛፉ ቅጠሉን አራግፏል፤ ፍሪጅ የሚባል ነገር የለም፤ ቤቱ የሚሞቀው በአንድ ምድጃ ነው። ትኩስ ፍሬ በሌለበት ወቅት ስኳሩ፣ አልኮሉና ስቡ በመከር የተሰበሰበውን ፍሬ ከብልሽት ጠብቀው ለበዓል ያደርሱታል። የሚንቀጠቀጥ ሰውነትም ስብ ይፈልጋል። ፑዲንጉ ለዚያ አየርና ለዚያ ዘመን ትክክለኛ መልስ ነበር። ፈረንሳዮች በምድጃቸው ይነድ የነበረውን የገና ግንድ አስመስለው የሚጠቀልሉት፣ በቅቤ ክሬም የሚለበጠው ኬክም ከዚያው ከብርድና ከእሳት ዳር ሕይወት የወጣ ነው። እኛ ከእነዚህ ሰዎች ልንማር የሚገባን ማሰቡን ነው። አየራቸውን አዩ፣ ጎተራቸውን አዩ፣ ከዚያ ጣፋጫቸውን ሠሩ።

አሁን ደግሞ ያው እንግሊዛዊ ፑዲንጉን ይዞ ወደ አውስትራሊያ ሲሻገር የሆነውን ተመልከቱ። በዚያ ገና የሚውለው በሙቀቱ ወራት ነው። ሰዉ ላቡን እየጠረገ የአያቶቹን ትኩስ ፑዲንግ ለብዙ ዘመን በላ፤ ዛሬም የሚበላ አለ። ከጎኑ ግን ፓቭሎቫ የሚባል ሌላ ጣፋጭ ተቀመጠ። የእንቁላል ነጩ ከስኳር ጋር ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ በለስላሳ ሙቀት ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ላዩ ተሰባሪ፣ ውስጡ እንደ ጥጥ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። በላዩ ክሬም፣ እንጆሪ፣ ኪዊና ፓሽን ፍሩት ይደረግበታል። ስሙን ያገኘው በ1926 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያንና ኒው ዚላንድን ከጎበኘችው ከሩሲያዊቷ የባሌ ዳንሰኛ ከአና ፓቭሎቫ ነው። ማን ቀድሞ ሠራው በሚለው ላይ ሁለቱ አገሮች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ክርክሩን ለእነሱ እንተወውና ነገሩን እንያዝ፦ አየሩ ሲለወጥ ጣፋጩም ተለወጠ፤ በዓሉ ግን አንዳች አልጎደለበትም።

አየሩ ሳይለወጥ እንኳ ቀለል ያለውን የመረጡ አሉ። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ፣ የገና ዋዜማ ማዕድ በ13 ጣፋጮች ይዘጋል፤ ቁጥሩ ክርስቶስንና 12ቱን ሐዋርያት ያስታውሳል። 13 ሲባል አትደንግጡ። አብዛኞቹ እሳት ያልነካቸው ናቸው፦ ዘቢብ፣ የደረቀ በለስ፣ አልሞንድ፣ ዋልነት፣ ወይን፣ ፖም፣ ብርቱካን፣ መንደሪን። ከእነዚህ ጋር ኑጋና በወይራ ዘይት የተለወሰ ዳቦ ይቀርባል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘረጋሉ፤ ሰው ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል፤ ገበታውም እስከ ሦስት ቀን አይነሣም። በሜክሲኮ ደግሞ በገና ዋዜማ ቀይ ስር፣ ብርቱካን፣ ፖም፣ ሂካማ የሚባል ውሃማ ሥርና ለውዝ የተቀላቀሉበት ሰላጣ ይቀርባል፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው። የዩክሬን የዋዜማ ማዕድ እንደ እኛው ዋዜማ የጾም ነው። ከሚቀርቡት 12 ምግቦች ጋር ኡዝቫር ይጠጣል፤ ይኸውም የደረቀ ፖም፣ ፒርና ፕሪም ተቀቅሎ የወጣ ውሃ ነው።

እንግዲህ ቀለል ያለ የገና ጣፋጭ የዛሬ ዘመን የአመጋገብ ባለሙያ ፈጠራ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና ከወቅቱ ፍሬ ጋር ተስማምቶ የኖረ ልማድ ነው። ለምን እንደሚስማማን ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ይመሰክራል።

ሆዳችን ጢም ብሎ ሳለ ለጣፋጭ ቦታ የምናገኘው ለምን ይመስላችኋል? በ1981 እ.ኤ.አ. ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት አንድ ነገር አሳዩ። ሰው አንድን ምግብ ሲበላ የዚያ ምግብ ደስታ እየቀነሰበት ይሄዳል፤ ያልበላው ሌላ ምግብ ደስታ ግን ያን ያህል አይቀንስበትም። የምንጠግበው በሆዳችን ብቻ ሳይሆን በምላሳችንም ነው ማለት ነው፤ ምላስ ደግሞ የሚጠግበው አስቀድሞ የቀመሰውን ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ጣፋጩ ከፊቱ ከተበላው ምግብ በራቀ ቁጥር ደስታው ይበልጣል።

የእኛ የገና ምግብ ምን ዓይነት ነው? ትኩስ ነው፤ ቅቤ የጠገበ ነው፤ የሚያቃጥል ነው፤ ለስላሳ ነው። ተቃራኒው ምንድን ነው? ቀዝቃዛ፣ ውሃማ፣ ኮምጣጣ፣ ሲነከስ ቀጭ የሚል። ከክትፎ በኋላ የቅቤ ክሬም ማቅረብ ቅቤን በቅቤ ማስከተል ነው፤ በስኳር ስለታሸ ብቻ አዲስ ነገር አይሆንም። ቶርታው ግማሽ ተበልቶ የሚመለሰው ስለማይጣፍጥ አይደለም። ምላሱም ሆዱም ቅቤን ቀድመው ስለጠገቡ ነው።

የስቡን ነገር በቁጥር እንየው። 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ 1 ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን ግን 4 ያህል ነው። 100 ግራም ቅቤ ከ700 ኪሎ ካሎሪ በላይ አለው። 100 ግራም ብርቱካን ከ50 አይሞላም፤ ከክብደቱም 87 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። በዚያ ላይ ስብ ምግብ ከጨጓራ ወደ አንጀት የሚያልፍበትን ጊዜ ያዘገያል። ከበዓል ምሳ በኋላ የሚሰማን ያ የመክበድና የመንጋለል ስሜት አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ከላዩ ሌላ ስብ ስንጨምርበት ደግሞ ሰልፉን እናረዝመዋለን።

በርበሬውም የራሱ ጠባይ አለው። የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ሙቀትን የሚያውቁትን የአፋችንን ነርቮች ያታልላቸዋል። በውሃ በደንብ አይሟሟም፤ ለዚህ ነው ዶሮ ወጥ ሲያቃጥለን ውሃ ጠጥተን ጠጥተን የማይበርድልን። በወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የሚባል ፕሮቲን ግን ቃጠሎውን ያስታግሳል፤ ቅባቱ የወጣለት ወተትም ቢሆን ይሠራል። እርጎና አይብ ከቀይ ወጥ ጎን የሚቀመጡት በከንቱ አይደለም። ናና ደግሞ በውስጡ ባለው ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚያውቁትን ነርቮች ይቀሰቅሳል፤ ያልቀዘቀዘውን እንኳ ቀዝቃዛ ያስመስለዋል። እናቶቻችን የነርቩን ስም ሳያውቁ ሥራውን ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ማድ ቤት እንግባ። እዚህ የተሰበሰባችሁ አብዛኞቻችሁ በውጭ አገር ስለምትኖሩ ሁለት ገና አላችሁ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ፈተና አላቸው።

የመጀመሪያው በዲሴምበር 25 የሚውለው የፈረንጆቹ ገና ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ነው፤ ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት አልተፈታም። የሥራ ባልደረባ ይጋብዛል፤ ጎረቤት ይጋብዛል፤ የአማት ቤት ይጋብዛል። ጾመኛው ከአትክልቱም ከድንቹም መራርጦ እንደምንም ያልፋል። ጣፋጩ ሲመጣ ግን ይያዛል። ፑዲንጉ የከብት ስብ አለው፤ ግንዱ ቅቤ ነው፤ ፓቭሎቫው እንቁላል ነው። እሱ ጥቁር ሻይ ይዞ ይቀመጣል፤ ጋባዡም ይሳቀቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ «ጣፋጩን እኔ ይዤ እመጣለሁ» በሉ። ያኔ ጾሙም አይፈርስም፤ ባዶ እጃችሁንም አትሄዱም።

ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? በሜዲትራንያን ዙሪያ ብርቱካንና መንደሪን የሚበስሉት ልክ በእነዚህ ብርዳማ ወራት ነው፤ ስለዚህ በዲሴምበር ገበያው በእነሱ የተሞላ ነው። ሞሮኮዎች ከከባድ ምግብ በኋላ የሚያቀርቡት የብርቱካን ሳህን አለ። ለስድስት ሰው ስድስት ብርቱካን ውሰዱ። ልጣጩን ከነነጩ በቢላ አንሡ፤ ነጩ ከቀረ ይመራል። በክብ በክቡ ቆርጣችሁ በሰፊ ሳህን ደርድሩ፤ ሲቆረጥ የሚወጣውን ጭማቂ መልሳችሁ አፍስሱበት። ቀረፋ ነስንሱ፤ የብርቱካን አበባ ውሃ ካገኛችሁ ጥቂት ጠብታ ጨምሩ። እኔ ብጠየቅ ከቀረፋው ጋር ቁንጥር ኮረሪማ አደርግበት ነበር፤ ከብርቱካን ጋር ያለው ፍቅር የተለየ ነው። የተከተፈ ተምር፣ የሮማን ፍሬና የናና ቅጠል በላዩ በትኑና ለአንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ተምሩ ስላለ ስኳር አያስፈልገውም። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ወደ ገበታው ሲቀርብ ግን ቀዩና ብርቱካንማው ቀለም ከፑዲንጉ ይልቅ ዓይን ይስባል።

ዘመድ ፊት ትንሽ መራቀቅ ለምትፈልጉ ደግሞ የሽምብራው ተአምር አለ። ሽምብራ ተቀቅሎ የሚደፋው ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ ሲመታ ነጭ አረፋ ይሆናል። ይህን በ2014 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ዦዌል ሮሴል የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ በዓመቱ ጉስ ዎልት የሚባል አሜሪካዊ ከስኳር ጋር ብቻ መትቶ የተሟላ ሜሪንግ እንደሚወጣው አሳየ። ምክንያቱ በቅቅሉ ጊዜ ከሽምብራው ወደ ውሃው የሚወርዱት ፕሮቲኖችና ስታርች ናቸው፤ አየሩን ይዘው ያቆዩታል። ሽምብራን እንደ ጾመኛ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ማን ነው? ሽሮውን፣ አሣውን፣ ቆሎውን ስንሠራበት ኖረን ውሃውን ስንደፋ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽምብራውን አሳድራችሁ ያለ ጨው ቀቅሉት፤ ከነውሃው ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ ውሃውን አጥልላችሁ፣ እንደ እንቁላል ነጭ ወፈር እስኪል ድረስ በእሳት ቀንሱት፤ ከዚያ ይቀዝቅዝ። የቆርቆሮ ሽምብራ ውሃም ይሆናል፤ ጨው እንዳይኖረው ግን እዩ። ከዚህ ግማሽ ኩባያ፣ ማለትም 120 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ከግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጋር በኤሌክትሪክ መምቻ ምቱ። አረፋው ሲነሣ 120 ግራም ስኳር በትንሽ በትንሹ እየጨመራችሁ ሳህኑ ሲገለበጥ እስከማይፈስ ድረስ ቀጥሉ፤ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሳህኑ ላይ የዘይት ነጥብ ካለ አረፋው አይነሣም፤ አስቀድማችሁ በደንብ እጠቡት። በማንኪያ እየቆነጠራችሁ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ አኑሩና በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ፎርኖ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት አድርቁት። እሳቱን አጥፍታችሁ እዚያው ይቀዝቅዝ። ፍሬውን ከላይ የምታደርጉት ልትበሉ ስትሉ ብቻ ነው፤ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት ርጥበቱ ያሟሟዋል።

ሁለተኛው ታኅሣሥ 29 የሚውለው የራሳችን ገና ነው። ጾሙ ተፈቷል፤ ሌሊቱ በማሕሌትና በቅዳሴ አልፏል፤ ለሳምንታት ከሥጋና ከቅቤ የራቀው ሆድ በአንድ ቀን ሁሉንም ይቀበላል። አገር ቤት ጊዜው በጋ ነው፤ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀትሩ ፀሐይ ነው። ለዚህ ቀን ሦስት ነገር አለኝ፤ ሦስቱም ከቤታችን የወጡ ናቸው።

አንደኛው ብርዝ ነው። ከጠጅ በፊት ያለው፣ ያልፈላው፣ ልጆችም የሚጠጡት የማር ውሃ። ሲሲሊዎች የፍሬ ጭማቂና ስኳር ቀላቅለው፣ እያበረዱ እየፋቁ ግራኒታ የሚባል የተፈረፈረ በረዶ ይሠራሉ። ብርዝን በዚያው መንገድ መሥራት ይቻላል። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 200 ግራም ማር አሟሙና የሦስት ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። ስትቀምሱት ጣፋጭነቱ ትንሽ የበዛ መምሰል አለበት፤ ቅዝቃዜ የምላስን የጣፋጭ ስሜት ያደክማልና። የቀለጠ አይስክሬም ከበረደው ይልቅ በጣም የሚጣፍጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ድብልቁን በዝርግ ሰፊ ዕቃ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ዳር ዳሩ መርጋት ሲጀምር በየግማሽ ሰዓቱ በሹካ እየፋቃችሁ ሰባብሩት። ማሩ ውሃው እንደ ድንጋይ እንዳይጠጥር ስለሚከለክለው ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ የሚያብረቀርቅ ልቅ በረዶ ይሆናል። በብርሌ ብታቀርቡት አንገቱ ስለሚጠብ አይመችም፤ በትንሽ ብርጭቆ ይሁን።

ሁለተኛው አይብ በማር ነው። አይብ የሚወጣው ቅቤው ከተናጠ በኋላ ከሚቀረው አሬራ ስለሆነ ከቅባቱ ብዙው ወጥቶለታል። ከአንዱ ወተት የወጣው ቅቤ ወደ ወጡ ሲሄድ፣ አይቡ የወጡን ቃጠሎ ለማብረድ ይመጣል። ውሃውን በደንብ አጥልላችሁ፣ በጥቂት ወተት እስኪለሰልስ ምቱት። የሎሚ ልጣጭ ፈቅፍቁበት፤ በየሳህኑ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አኑሩና ማር በቀጭኑ አንጠባጥቡበት፤ ከጎኑ የብርቱካን ፍሬ ወይም እንጆሪ ይቀመጥ። አይብ ከሌለ የተጠለለ ሪኮታ ቦታውን ይይዛል።

ሦስተኛው ስፕሪስ ነው። የአዲስ አበባ ጁስ ቤቶች ጭማቂውን በቀለም በቀለሙ ደራርበው የሚያቀርቡትን ማን አያውቅም? ለገና ሲሆን ግን ሁለት ማሻሻያ ይፈልጋል። መጠኑ ይነስ፤ በትልቁ ብርጭቆ የሚጠጣው ሳይሆን የቡና ስኒ ሁለት የሚሆን ይብቃ። አቮካዶውም ይቅር። አቮካዶ ጤናማ ነው፤ ግን 15 በመቶ ያህሉ ስብ ነው፤ ከዶሮ ወጥ በኋላ ቦታው አይደለም። ፓፓያ፣ አናናስና እንጆሪ ደርቡ፤ ሎሚ ጭመቁበት፤ ስኳር አትጨምሩ።

አናናስንና ፓፓያን ካነሣሁ አይቀር አንድ የማድ ቤት ምሥጢር ላካፍላችሁ። ሁለቱም ፕሮቲንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ የፓፓያው ፓፔይን፣ የአናናሱ ብሮሜሌይን ይባላል። ስለዚህ ጥሬ አናናስ የተጨመረበት ጀላቲን አይረጋም፤ ከእርጎ ወይም ከአይብ ጋር ተቀላቅሎ ሲቆይም ይመራል። የቆርቆሮው አናናስ ግን በሙቀት ስላለፈ ኢንዛይሙ ሞቷል። ጥሬውን ከወተት ነገር ጋር ማቅረብ ከፈለጋችሁ ለየብቻ አዘጋጅታችሁ በቀረበ ሰዓት አገናኙ።

እስካሁን የተናገርኩት ለአንዳንዶቻችሁ እንዳልተዋጠ አውቃለሁ። «ብርቱካን እኮ የበሽተኛ ነው» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ ሆስፒታል ስንሄድ ፍራፍሬ፣ በዓል ቤት ስንሄድ ኬክ መያዝ ልማዳችን ሆኗል። እንግዳ ፊት ፍሬ ማቅረብ ቆጥቦ ማስተናገድ ይመስላል። ነገር ግን ክብር ያለው በዋጋው ሳይሆን በእጅ ሥራው ነው። ተገዝቶ የመጣ ቶርታ ካርቶኑን ከመፍታት በቀር የቤቱን ሰው እጅ አያውቅም። በክብ ተቆርጦ፣ ተደርድሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ቅመም ተነስንሶበት የቀረበ ብርቱካን ግን ታስቦለት የተሠራ መሆኑን ማንም ያያል። እንግዳ ክብሩን የሚያውቀው ከተጨነቅንለት ልክ ነው።

ሌሎቻችሁ ስለ ስኳሩ ጉዳይ ታስባላችሁ፤ ልክ ናችሁ። በምላስ ላይ ቀላል የሆነ ሁሉ በሰውነት ቀላል አይደለም። ፓቭሎቫ አረፋ ነው፤ ነገር ግን አራት የእንቁላል ነጭ የሚገባበት አንዱ ከ200 ግራም በላይ ስኳር ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከተጨመረ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ እንደሚሻል ጠቁሟል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ያህል ነው። በዚህ ስሌት ማርና የተጨመቀ ጁስ ከስኳሩ ጋር ይቆጠራሉ፤ ሙሉው ፍሬ ግን አይቆጠርም። ስለዚህ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ አንደኛው የብርቱካን ሳህን ነው፤ ብርዙና ስፕሪሱ ግን በትንሽ ብርጭቆ የሚጠጡ ናቸው። ሲበዛ ማርም ይመራል። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናትና አባት ካሏችሁ ብርቱካኑን ያለ ተምር ለይታችሁ አቅርቡላቸው፤ መጠኑን እነሱና ሐኪማቸው ያውቁታል። በየበዓሉ ሁሉም ሲበላ «ለእርስዎ አይሆንም» እየተባሉ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ለእነሱም የሚሆን ሳህን ቢያዩ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው አስቡ።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ገበታው እንደተነሣ ወዲያው አታቅርቡ። እጅ ይታጠብ፤ ጨዋታው ይቀጥል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይለፍ። ቡናው ሲቆላ ቀዝቃዛው ይምጣ። ከቅዝቃዜውና ከኮምጣጣው በኋላ የሚመጣው የአቦሉ ምሬት እንደ አዲስ ይጣፍጣል፤ ከክሬም በኋላ ግን አፍ ስለሚለበጥ ጣዕሙ ይደበዝዛል። የቡና ሥርዓታችንን ለማክበር ስንልም ከፊቱ የሚቀርበው ቀለል ያለ ቢሆን ይሻላል። ልጆች ቶርታ ካሉ ደግሞ ቶርታው ከመክሰስ ጋር ይቅረብ፤ ከቤት ይባረር አላልኩም።

ክቡራትና ክቡራን፤ አንድ ነገር አስታውሼ ልጨርስ። አና ፓቭሎቫ ያንን ጉብኝት ካደረገች ገና መቶ ዓመት ቢሆናት ነው። ዛሬ ግን በስሟ የተጠራውን ጣፋጭ የማያውቅ አውስትራሊያዊ አያት ማግኘት ይከብዳል፤ የልጅ ልጆቻቸው ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል። ልማድ የሚወለደው እንዲህ ነው። አንድ ቤት አንድ ዓመት ይጀምረዋል፤ በሁለተኛው ዓመት ልጆቹ «ያ ነገር የለም እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ በአሥረኛው ዓመት ያለ እሱ በዓሉ በዓል አይመስልም። በምግቡና በቡናው መካከል ያለው ቦታ በእኛ ዘመን መያዙ አይቀርም። ኬክ ቤቱ እስኪይዘው አንጠብቅ። ዘንድሮ በየቤታችሁ አንድ ሳህን ምረጡ፤ ልጆቻችሁን ሹካውን አስይዛችሁ በረዶውን አስፍቋቸው፤ ብርቱካኑን አስደርድሯቸው። ያደጉ ዕለት «የእኛ ቤት የገና ጣፋጭ» ብለው የሚናገሩለት፣ እነሱም ለልጆቻቸው የሚያስተምሩት ያንኑ ይሆናል።

 ለሁለቱም ገና በሰላም በጤና ያድርሰን።